ሁለት ጾመኞችና የኬሪ ቅቤ

መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.
ኬሪ፣ አየርላንድ

ኸይሪዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? አብዱረዛቅስ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እግሬ አንድ ቦታ አላርፍ ከማለቱ በቀር።

ለላክሽው ቴክስት ሁሉ «ኦኬ» ብቻ እያልኩ መመለሴን አትቀየሚኝ። በዚያች ሚጢጢ ስልክ መጻፍ ለኔ ምስር መልቀም ነው። እንዳልደውልልሽ ቤቱ ገደል ሥር ነው፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፤ ሲመጣም አንቺ ደንበኛ ላይ ነሽ። ልጅሽ ኢክራም የአማርኛ ፊደል የጫነችልኝን ታብሌት ይዤ፣ እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩ።

«አገሩ እንዴት ነው?» ላልሽው፣ አገሩስ ጉድ ነው። ኬሪ የሚሉት ይኼ የባሕር ዳር ካውንቲ ሰው ከዓለም ዳርቻ እየመጣ ፎቶ የሚነሣበት ነው። አረንጓዴው ዐይን ያማል። በጎቹ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ይግጣሉ፤ እንዳይጠፉ ጀርባቸው ላይ ቀለም ተቀብቷል። ዝናቡ ይመጣል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ጃንጥላሽን ሳታጥፊ እንደገና ይዘንባል። ቱሪስቱ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ «ዋው» ይላል፣ ይሳፈራል። እኔም አንዴ «ዋው» አልኩና ጨረስኩ። የመጣሁት ለሥራ ነዋ!

ባለቅቤዋ ብሪጅት ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ወገቧ ቀጥ ያለ፣ ዐይኗ የማይሰበር ሴትዮ ናት። ላሞቿን ራሷ ታልባለች፣ ቅቤዋን ራሷ ትገፋለች፣ ቤቷ ውስጥ ሁለት ክፍል ለእንግዳ ታከራያለች። በአንዱ እኔ ነኝ፤ በሌላው እንደኔው ቅቤውን ፈልጎ የመጣ አንድ ጀርመን አለ። ያን ፖላሪስ ሆቴል ኤግዚቢሽን ላይ የወንድሟ ልጅ ያስቀመሰንን ቅቤ ታስታውሺው የለ? አንድ እሽግ ወስደን አንጥረን ደንበኛው ሁሉ «ይኼ የየት አገር ቅቤ ነው?» ያለን? እሱን ነው። የበጋውን ቅቤ የምትሰጠው ለአንድ ገዢ ብቻ ነው። ለማን እንደምትሰጥ የምትወስነው ደግሞ በወረቀት አይደለም፤ ከገበታዋ አስቀምጣ፣ ቅቤዋን አብልታ፣ ፊትሽን አይታ ነው።

ኧረ ኸይሪያ፣ ይኼን ሳናስብ እንዴት ቀረን? ሁዳዴ ሲገባ የኔ ደንበኞች ቅቤ አይነኩም፤ ረመዳን ሲገባ ያንቺዎቹ ለአፍጥር ቅቤ ይሻማሉ። ስለዚህ አንቺ ሱቁን ያዢ፣ ሥራ የፈታሁት እኔ ልሂድ ተባባልን። ብልጦች ነን ብለን! ቅቤ ልትገዛ የምትሄደው ሴትዮ ቅቤ በማትቀምስበት ወር! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኛ ነን። በደህናው ጊዜ እኔ ስጾም አንቺ ትቀምሺልኛለሽ፣ አንቺ ስትጾሚ እኔ እቀምስልሻለሁ፣ የሞርስ ሮድ ኪችናችን ያለ ምላስ አድሮ አያውቅም። ዘንድሮ ሁለቱም ጾም በአንድ ቀን ገባና ሁለታችንንም አፋችንን ዘጋን።

የመጣሁ ዕለት ብሪጅት ትኩስ ዳቦ ቆረሰች፣ ቅቤውን ጣት በሚያህል ውፍረት ቀባችበት፣ ወደኔ ገፋችው። ያ ቢጫ ቅቤ! እኔም ክው ብዬ፣ «ይቅርታ፣ ጨጓራዬን ያመኛል፣ የወተት ነገር አይስማማኝም» አልኳት።

አትሳቂ። ሌላ ምን ልበል? ዳቦውን ብቻ ለኋላ አስቀምጬ በዘጠኝ ሰዓት በላሁት፤ እንቁላል እንደሌለው ጠይቄያለሁ። በጠዋት ያቀረበችልኝን ቋሊማ ለውሻዋ ሰጠሁት። ውሻው አሁን ከኔ አይለይም።

አብዱረዛቅ የሚኒያፖሊሱን ወሬ ትቶታል? «ወንድሜ ዘንድ ሄደን የትራኩን ሥራ እንጀምር» የሚለውን? ቅቤው መስመር ከያዘ ኮሎምበስ እንቀራለን ብሎ በኔው ፊት ቃል ሰጥቷል፤ አስታውሺው። ይኼን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት ለቅቤ ብቻ መስሎሽ ከሆነ ሞኝ ነሽ። እኔ ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። አንቺ ከሄድሽ ጠዋት ማንን ብዬ ነው ያንን ሱቅ የምከፍተው?

ቶሎ ጻፊልኝ።
ሰርካዲስ


ማርች 24፣ 2024
ኮሎምበስ

እትዬ ሰርካዲስ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ሱቁ ቢዚ ነው፣ ቢዚ ብቻ አይደለም፣ እብደት ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሰው ፓርኪንግ ያጣል። ትናንት አንዷ ቅቤ አለቀ ብላት «ታዲያ ለምን ከፈታችሁ?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም ጾመኛ ነኝና ዋጥ አደረግኳት፤ ሌላ ቀን ቢሆን ያውቁኛል።

ጨጓራዬን ያመኛል አሉ?! ወላሂ ስልኩን ይዤ ግድግዳ እስክደገፍ ሳቅኩ። እትዬ ሰርካዲስ፣ ይኼ እኮ ሥጋ ቤት ሊከፍት ሄዶ ደም ሳይ ያዞረኛል እንደሚል ሰው ነው! ሴትየዋ ምን ትበል? ቅቤ የማይስማማት ሴት ቅቤዬን ወስዳ ምን ልታደርገው ነው አትልም?

ኧረ ዝም ብለው ይንገሯት። ጾመኛ ነኝ ማለት ምን ነውር አለው? እኔ ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ስሠራ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኩት፤ የብሬክ ሰዓቴን ከመግሪብ ጋር አደረገልኝ፣ ቴምርም ይጠይቀኝ ጀመር። ሰው እኮ ካልነገሩት አያውቅም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ኢክራም «ሰርኪ መቼ ነው የምትመጣው?» በእንግሊዝኛ በቀን አሥር ጊዜ ትለኛለች። አብዱረዛቅም ደህና ነው። እስከ ዒድ ድረስ እንጠብቅ፣ ቅቤው ከተገኘ እንቀራለን ብሏል። ስለሱ አያስቡ። ሌላውን የጠየቁኝን ሲመጡ ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

ስለ ላሞቹ ግን ይጻፉልኝ። ሣሩ እውነት ያን ያህል ነው? ሌሊት ለሱሁር ስነሣ እሱን ነው የማስበው።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ይበርቱ።
ኸይሪያ


መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.
ኬሪ

ኸይሪዬ፣

ይኸው ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስቱም ጊዜ ስለ አብዱረዛቅ የጻፍሽው አጠረብኝ። አንቺ ስለ አንዲት ጯሂ ደንበኛ እንዲያ ዘርዝረሽ ስለ ባልሽ አንድ መስመር? እሺ ይሁን። ቢዚ ነሽ።

ነውር ነው አላልኩም። ግን እኔ ያደግሁት «ጾምህን ሰው አይይብህ» እየተባልኩ ነው። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ከንፈሯን ውሃ ትነካ ነበር፣ እንዳይታወቅባት። ጾመኛ ነኝ እያልኩ ፈረንጅ ቤት ብለፍፍ ጾም ሆነ ማስታወቂያ? እናንተ ሁላችሁም በአንድ ሰዓት ስለምትፈቱ ማንም ያውቃል፤ የኛ የሆድ ነው። ደግሞ አሁን ብነግራት ጨጓራው የት ሄደ ትለኛለች። አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ገብቼበታለሁ።

በክፉ ቀንስ አፍርሰው አያውቁም ወይ ብለሽ በቴክስት ለጠየቅሽኝ፣ አላውቅም። ሱዳን ካምፕ ሳለን የዱቄት ወተት በራሽን ሲሰጠን፣ ለጎረቤቴ ልጆች ሰጥቼ በውሃ የራሰ ማሽላ በልቻለሁ። ያኔ ያላፈረስኩትን አሁን ፍራሽ ላይ ተኝቼ፣ በሞቀ ቤት? ምን ቆርጦኝ!

ዛሬ ግን ተፈተንኩ። ብሪጅት ጠዋት ቅቤ ስትገፋ አስገባችኝ። ሣሩን ጠየቅሽኝ፤ ሣሩን ላሞቹ ሲበሉት ድምፁ ይሰማል፣ ያን ያህል ነው። ቅቤው ሲሰበሰብ ክፍሉን የሞላው ሽታ ሌላ ነው። ኮሰረትና ኮረሪማ ሳይገባበት ለብቻው ይሸታል! እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ጀርመኑ በማንኪያ እየዛቀ ይበላል፣ ዐይኑን ይጨፍናል፣ «እምምም» ይላል፣ ብሪጅት ደስ ይላታል። ከዚያ ወደኔ ዞራ ታየኛለች። ምን ታድርግ? አንዱ ይበላላታል፣ አንዷ እንደ ፖሊስ ቆማ ታያታለች። ለምሳ ዓሣ አቀረበች፤ ዓሣም አልበላም አልኳት። ሻይ ያለ ወተት ስጠጣ አንገቷን ነቀነቀች።

ሲብስብኝ ወጥቼ ገደል ለገደል ሄድኩ። ዝናቡ ደበደበኝ፣ ውሻው ተከተለኝ። ተመለስኩ፣ ቁጭ አልኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። ጀርመኑ መስኮት ላይ ሆኖ ሲያየኝ የጠፋ በግ የምፈልግ ሳይመስለው አልቀረም። ብበላ ኃጢአት፣ ባልበላ አንቺ ትሄጃለሽ። በዚህ መካከል ምን ዓይነት እንቅልፍ ይመጣል?

እስኪ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ቀሲስ ባስልዮስን ጠይቂልኝ። እኔ ራሴ ብደውል አፍራለሁ፤ ድምፄን ሲሰሙ ፈቃድ ልለምን እንደሆነ ያውቁብኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ይቆማሉ፤ «አንዲት ሴት» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ስሜን እንዳትጠሪ።

ሰርካዲስ


ማርች 28፣ 2024
ኮሎምበስ

እትዬ ሰርካዲስ፣

እሑድ አልጠበቅኩም። ትናንት ረቡዕ አይደል፣ የጾም ቅዳሴ አለ ሲሉኝ ሱቁን ለምታግዘኝ ልጅ ትቼ ሄድኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ ሂጃቤን አድርጌ ስቆም ነጠላ የለበሱት እናቶች ሁሉ እያዩኝ አለፉ። አንዷ «የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ቄስ ነው የምፈልገው አልኳት። ፊቷን ቢያዩት!

ቀሲስ ባስልዮስ መጡ። «አንዲት ሴት አለች» ብዬ ገና ስጀምር፣ «ሰርካዲስ እንዴት ናት?» አሉኝ። ወላሂ ስምዎን አልጠራሁም። ነገሩን ሁሉ ጨርሼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ «ለታመመ እፈቅዳለሁ፣ ለመንገደኛ እፈቅዳለሁ፣ ለገበያ ግን ምን ብዬ ልፍቀድ? እውነቱን ትንገራት። ከቅቤው ይልቅ የሚያሳስበኝ ውሸቱ ነው በያት» አሉኝ። ይኸው፣ አደራዬን ተወጣሁ። እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነበር፤ ግን እኔ ቄስ አይደለሁም።

ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። በእኛ የምታበስል ሴት ጨውን ለማወቅ ምላሷ ላይ አድርጋ ብትተፋው ይፈቀድላታል፣ ካልዋጠች። እርስዎስ ቀምሰው ቢተፉትስ? ብዬ አሰብኩና ያቺ ሴትዮ ፊት ቅቤዋን እንትፍ ሲሉ ታየኝ። ሐሳቤን አንስቻለሁ።

እትዬ ሰርካዲስ፣ አሁን የምጽፈውን ሳይቆጡ ያንብቡት። ቅቤው ከቀረ ይቅር። እውነቴን ነው፣ ይቅር። ከከበደዎት ነገ ትኬትዎን ለውጠው ይምጡ። የሱፐርማርኬቱን ቅቤ እያነጠርን እስከዛሬ ኖረናል። ጾምዎን ለማንም ብለው እንዳይነኩት፣ ለኔ ብለው ደግሞ በጭራሽ። ለምን እንደምልዎት አይጠይቁኝ፤ ብቻ እሺ ይበሉኝ።

እኔ ምንም አልሆንኩም። ትንሽ ደክሞኛል፣ የጾም ድካም ነው።

ኸይሪያ


መጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.
ኬሪ

ኸይሪያ፣

«ይቅር» ማለት ምን ማለት ነው? ያን ያህል የለፋንበትን? መስከረም ላይ እሽጉን አቅፈሽ መኪና ውስጥ የዘለልሽው አንቺ አይደለሽም? ረመዳን አድክሞሽ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ትኬቴንም አልለወጥኩም። ደስ ይበልሽ፣ ቅቤው የኛ ነው! ጀርመኑ ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ረቡዕ እንፈራረማለን። ለአብዱረዛቅ ንገሪው፣ አሁኑኑ ንገሪው፣ ዒድን አይጠብቅ።

እንዴት ሆነ ትያለሽ። ትናንት የነሱ ፋሲካ ነበር፤ የኛው ገና ከወር በላይ ይቀረዋል። ቤቱ በዘመድ ሞላ። በግ ተጠብሷል፣ ድንቹ በቅቤ ታሽቷል፣ ጎመኑ እንኳን በቅቤ ነው። እኔ ጥጌን ይዤ ዳቦዬን ብቻ እቆርሳለሁ። ያንን ጠቆር ያለ ዳቦ ከመጣሁ ጀምሮ ስበላው የከረምኩትን። መቼም ያለሱ ሞቼ ነበር።

ብሪጅት ቢላዋዋን አስቀመጠችና በሰው ሁሉ ፊት «ሰርካዲስ፣ ያ ዳቦ በምን እንደሚቦካ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። በውኃ ነዋ አልኩ። «በአሬራ ነው። ቅቤውን ስገፋ በሚተርፈው። ይኸው ስትበዪው ከረምሽ፣ ጨጓራሽም ደህና ነው።»

እንደኔ ያለች ሴት! ከሦስት ቤት ማዶ ቅቤ አሽትቼ የማውቅ፣ አሬራ አፌ ውስጥ ሲገባ አላወቅኩም! ጾሜን ስፈታ ከርሜያለሁ፣ ለካ። ይኼስ ባለማወቅ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ብሪጅት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ታዘበችኝ። ውሸታም ናት ብላ፣ ቅቤዬን ተጠይፋ ነው ብላ። ጀርመኑ ሳህኑን እያየ ፈገግ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተዪው። ሆነ። ብሪጅት ተነሥታ እጄን ጨበጠች፣ በቃ።

ዛሬ ሲነጋ ወጥቼ ስዞር ዋልኩ። ባሕሩም እንደኔ ነው፣ ይመጣል ይመለሳል። ደስ ብሎኛል እኮ፤ ደስታው ግን ቁጭ አላለልኝም። ለአብዱረዛቅ ስትነግሪው ምን እንዳለ ወዲያው ጻፊልኝ።

ሰርካዲስ


ኤፕሪል 2፣ 2024
ኮሎምበስ

እትዬ ሰርካዲስ፣

በሉት፣ አይደል?

«የሆነውን ተዪው» ብለው የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ሱቁን ቆልፌ ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰው በር ይደበድባል፣ አልከፈትኩም። እርስዎ በሕይወትዎ ምንም ነገር ተይው ብለው አያውቁም። የአንድ ሰው ሠርግ ሲነግሩኝ ሠርገኛው የለበሰውን ካልሲ ሳይቀር ነው የሚነግሩኝ። በሉት። ለኔ ብለው በሉት።

እኔ ምን ላድርግ አሁን? የት ልግባ?

ከዚህ በላይ መደበቅ አልችልም። አብዱረዛቅ እስከ ዒድ አልጠበቀም። እርስዎ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ወንድሙ ኮል አደረገው፣ እዚያው በስልክ ተስማሙ። ሚኒያፖሊስ ቤት ተከራይቷል፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ምዝገባ ጨርሷል። የትራኩን ሥራ ሊጀምር ሄዷል፤ አሁን ከእኛ ጋር የለም፣ ለዒድ መጥቶ ይወስደናል። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ይኼን ሁሉ አውቅ ነበር። «እስከ ዒድ እንጠብቅ ብሏል» ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። እርስዎን ስለ ጨጓራ ስስቅብዎት እኔ ራሴ በዚያው ወረቀት ላይ እዋሽ ነበር።

ለምን ዋሸሽ ይሉኛል። ብነግርዎት በማግስቱ ይመለሱ ነበራ! አውቅዎታለሁ፣ ሻንጣውን እንኳን ሳይዘጉ ነበር የሚመጡት። እኔ ስሄድ ባዶ እጅዎን እንዳይቀሩ ብዬ ነው። ያ ቅቤ ካለ ደንበኛ አይሸሽም፣ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ፣ ሱቁ ይቆማል አልኩ። ቅቤውን ለእርስዎ ነበር የምፈልገው እንጂ ለኔ አልነበረም። ጾሙን ግን አላሰብኩትም። ጾሙ እዚህ ያደርሰናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ባለፈው «ይቅር» ያልኩት ፈርቼ ነበር፤ ዘግይቼ ፈራሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ባሌን ልተወው አልችልም፣ ልጆቹም አባታቸውን ይፈልጋሉ። መቅረት ፈልጌ ነበር። በአላህ ይመኑኝ፣ ፈልጌ ነበር። ለሱም አልቅሼ ለምኜዋለሁ። አሥር ዓመት ዌርሃውስ አቁስሎኛል፣ የራሴን ሥራ ልሥራ፣ አይበቃኝም ወይ አለኝ። እውነቱን ነው።

ከፈለጉ አይፈርሙ። ከፈለጉ አያናግሩኝ። ብቻ ይጻፉልኝ፣ ቁጣም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ኸይሪያ


መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.
ኬሪ

ኸይሪያ፣

ቁጣም ቢሆን ይጻፉልኝ ብለሻል፤ ይኸው።

በላሁት። ሰው ሁሉ እያየኝ ዳቦውን ቆረስኩ፣ ቅቤውን ራሴ ቀባሁ፣ ጠርዙ ድረስ ቀባሁት፣ በላሁት። አንዱን ጨርሼ ሁለተኛ ቀባሁ። አሬራው ባለማወቅ ነበር፣ ይኼ ግን አውቄ ነው። ጀርመኑ ፈገግታው ሲጠፋ አየሁት። ብሪጅትም ተነሥታ እጄን ጨበጠች። ቅቤው ምን ምን ይል እንደነበር እንዳትጠይቂኝ። ጣፋጭ ነበር፣ እሱ ነው ያስለቀሰኝ። መራራ ቢሆን ምናለበት?

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ልንፈርም በተቀመጥንበት ጠዋት ነው። አነበብኩትና ብሪጅት ፊት አለቀስኩ። ደነገጠች፣ ሻይ አፈላች፣ ያለ ወተት። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጾሙን፣ ጨጓራውን፣ አንቺን። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «አያቴም በዐቢይ ጾም ቅቤ አትነካም ነበር። የዚያኑ ዕለት ብትነግሪኝ ሳህኑን አነሣው ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ቀሲስ ባስልዮስ ነግረውኛል፣ አንቺ ነግረሽኛል፣ እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። ያላዳመጥኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ባንቺ ላይ አልጥልም።

ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ ላይ ብሪጅት የሁለታችንንም ስም አስገብታ ነበር። ያንቺን ልሰርዘው ብዬ እስክሪብቶውን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሚኒያፖሊስም ሰው ወጥ ይሠራል፤ ቅቤው ሲመጣ እልክልሻለሁ፣ ብትሸጪው ሽጪው፣ ባትሸጪው ብይው። ረቡዕና ዓርብ ማን እንደሚቀምስልኝ ግን አላውቅም። ያንን ገና አላሰብኩትም፣ እንዳታስቢልኝም።

አብዱረዛቅን አልረገምኩትም። ጀርባውን ሲያመው አይቻለሁ፣ እኔም ያንን ዌርሃውስ ሠርቼበታለሁ። ባሏን ተከትላ የሄደች ሴትንም የሚወቅስ የለም። ያቃጠለኝ መሄድሽ አይደለም። ለኔ አዝነሽ መዋሸትሽ ነው። እኔ እዚህ ገደል ለገደል ስንቀዠቀዥ፣ ብበላ ትቀሪያለሽ ባልበላ ትሄጃለሽ እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ መልሱን ታውቂው ነበር። አንድ መስመር ብትጽፊልኝ! «እትዬ፣ አልቀርም» ብትይኝ! አልቅሼ እተኛ ነበር፤ ጾሜም አይፈታም ነበር። ባዶ እጅዎን እንዳይቀሩ ብዬ ነው ትይኛለሽ። ማን እጄን ሙይልኝ አለሽ?

በማግስቱ ጾሜን ቀጥያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል፤ ቀሲስ ባስልዮስ ስግደት ያዝዙብኛል፣ ጉልበቴ ቢያመኝም እሰግዳለሁ። አንቺን ግን ገና ይቅር አላልኩሽም።

ቅዳሜ ማታ እገባለሁ። ታክሲ አልይዝም፣ ሌላ ሰው እንዳትልኪብኝ። ልጆቹን ጎረቤትሽ ዘንድ ተያቸው፤ በኢክራም ፊት መጮኽ አልችልም፣ ፊቷን ሳይ ቁጣዬ ይጠፋብኛል። አፍጥረሽ፣ ጠግበሽ፣ ብቻሽን ኤርፖርት ነይ። እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን አቁመን፣ መስኮቱን ዘግተን እንጣላለን። በደንብ እንጣላለን። እኔ የሆዴን ሁሉ እልሻለሁ፣ አንቺም እትዬ ናት ብለሽ እንዳትምሪኝ፤ በይኝ፣ ጩኺብኝ። ተኮራርፈን ተላቅሰን እስኪወጣልን ድረስ ወደ ቤት አንሄድም።

ሳንጣላ ጥለሽኝ ብትሄጂ ግን፣ ኸይሪያ፣ እኔ እሱን አልችለውም።

ሰርካዲስ